«የት ላይ ያዛችሁ?» የሙዚቃ አዳማጮች ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የትምህርት ቤታችን ክበብ ጥቅምት ላይ ሲቋቋም አሥራ ዘጠኝ አባላት ነበሩት፤ ኅዳር ሲጋመስ አሥራ አንድ ቀሩ። በሄዱት አልፈርድም። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ያለቁት «ከቀድሞዎቹ የሮክ ባንዶች የሚበልጠው የትኛው ነው?» በሚል ክርክር ነበር። የቢትልስና የኩዊን ወዳጆች እንደ እግር ኳስ ደጋፊ ተቧድነው ሲጯጯሁ አንድም ዘፈን እስከ መጨረሻው ሳይደመጥ ቀረ። ርዕሱን ያወጣሁት እኔ ስለሆንኩ ጥፋቱም የእኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሕግ አወጣን። ዘፈኑ እስኪያልቅ ማንም አይናገርም። ካለቀ በኋላ «ደስ ይላል» ማለት ክልክል ነው። እያንዳንዱ አባል ዘፈኑ የት ላይ እንደያዘው በደቂቃና በሰከንድ፣ ሰውነቱ ምን እንደተሰማውም ጨምሮ በክበቡ ደብተር ይጽፋል። ዓርብ የጁምዓ ሶላት ስላለ ቀናችን ረቡዕ ሆነ፤ ቦታው የፊዚክስ ቤተ ሙከራ። ከሚያዝያ በኋላ ግን የጅማ ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የትኛውም ከበሮ መቺ አይስተካከለውምና ሁለት ረቡዕ ዝናብ ብቻ ሰምተን ተበትነናል።

የእንግሊዙ የሮክ ባንድ ፒንክ ፍሎይድ እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጣው «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» አልበም ውስጥ ክሌር ቶሪ የተባለች ድምፃዊት አንድም ቃል ሳትዘፍን በድምፅዋ ብቻ የምታዜምበት ሥራ አለ። ካለቀ በኋላ አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ደብተሩን ሳትጽፍበት ለጎረቤቷ አቀበለች። ምነው ብላት «ቲቸር፣ አያቴ ለቅሶ ቤት ሙሾ ልታወጣ ስትል መጀመሪያ እንዲህ ናት። ቃሉ በኋላ ነው የሚመጣው» አለችኝ። ቤቱ ጸጥ አለ። እኔ ግን አላስችል ብሎኝ ድምፃዊቷ ለዚያ ሥራ የተከፈላት 30 ፓውንድ እንደነበር፣ ከሠላሳ ዓመታት በኋላም ፍርድ ቤት ሄዳ በደራሲነት ስሟ እንዲሰፍር እንዳደረገች ነገርኳቸው። ሙሾው ተረስቶ ሂሳብ ውስጥ ገባን። ዝም ብል ይሻል ነበር።

የሌድ ዜፕሊን ሳምንት ወደ ሙያዬ፣ ወደ ፊዚክስ አዳላ። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1971 ያወጣው አራተኛ አልበም የመጨረሻ ዘፈን ላይ የጆን ቦንሃም ከበሮ እንደ ተራራ የሚገዝፈው፣ ከበሮው በአንድ አሮጌ የእንግሊዝ ቤት ደረጃ ግርጌ ተቀምጦ ማይክሮፎኖቹ ከላይ ተንጠልጥለው ስለተቀዳ ነው። ልጆቹ ካልሞከርን አሉ። ከባህል ክበብ ከበሮ ተዋስን፤ ስልክ በነጠላ ጠቅልለን ከአዲሱ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ በደረጃው መሐል ቁልቁል አንጠለጠልን። ክፍል ውስጥ ሲመታ ካርቶን ይመስል የነበረው ከበሮ ግርጌ ላይ ሲመታ ድምፁ ግድግዳ ለግድግዳ እየተጋጨ ወጣ፤ አንዱ ምት ሳይሞት ሌላው ይደርስበታል። ስለ ገደል ማሚቶ በሁለት ክፍለ ጊዜ ያላስረዳሁትን በአራት ምት ተረዱት። ሁለተኛው ፎቅ ላይ የዘጠነኛ ክፍል የሂሳብ ፈተና እየተሰጠ መሆኑን ያወቅነው ምክትል ርዕሰ መምህሩ ሲወርዱ ነው። የሂሳብ ትምህርት ክፍልን በዚህ አጋጣሚ በድጋሚ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

በካናዳ የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰው የሚወደውን ሙዚቃ ሲሰማ አንጎሉ ዶፓሚን የተባለውን ከደስታ ስሜት ጋር የተያያዘ ኬሚካል የሚለቀው ዜማው ጫፍ ሲደርስ ብቻ ሳይሆን ያንን ጫፍ ሲጠባበቅም ጭምር እንደሆነ አሳይተዋል። የእኛ ደብተርም ከዚህ አልራቀም፤ «ወረረኝ» ተብለው ከተጻፉት ቦታዎች ብዙዎቹ ከበሮው ከመግባቱ ጥቂት ሰከንድ ቀደም ብለው ያሉ ናቸው።

ከዓመቱ ሁሉ የከበደኝ የኩዊን ረቡዕ ነው። ባንዱ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደኑ ዌምብሌይ ስታዲየም ለሃያ ደቂቃ ያህል ያቀረበውን በቪዲዮ አየን። ሕዝቡ እጁን ሽቅብ ዘርግቶ በአንድነት ሲያጨበጭብ የእኛዎቹም ተነሥተው አጨበጨቡ፤ ዝም የማለት ሕጋችን ፈረሰ፤ እኔም ተውኳቸው። ሲያበቃ ኮንሰርቱ ላይቭ ኤይድ እንደሚባልና የተዘጋጀው በዚያው ዓመት አገራችን ውስጥ በረሃብ ለሚያልቀው ወገን ገንዘብ ለማሰባሰብ እንደነበር ነገርኳቸው። አስቀድሜ ያልነገርኳቸው ሆን ብዬ ነው፤ ደግ አድርጌ እንደሆነ እስካሁን እጠራጠራለሁ። አንዱ ልጅ «የተራቡት ሰዎችስ ይህን ሙዚቃ ሰምተውታል?» ብሎ ጠየቀ። አንዲት ልጅ ደግሞ ተቆጣች፤ «የሚችሉትን ይዘው መጡ፣ ምን ያድርጉ?» አለች። ማንም አላሸነፈም። ደብተሩ ላይ እንዲህ የሚል ተጽፎ አገኘሁ፦ «እጄን ከሁሉም በፊት አነሣሁ። ቲቸር ሲነግሩን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።»

ሰኔ ላይ ጥያቄ ተነሣ፤ ሙላቱ አስታጥቄ የተወለደው እዚሁ ጅማ ሆኖ ሳለ ለምን አንድም ቀን አልሰማነውም? የሮክ ክበብ ነው ብዬ ለማምለጥ ሞከርኩ፤ አልተቀበሉኝም። የመጪው ዓመት የመጀመሪያ ረቡዕ የእሱ ነው።

ለክበቡ የቀረው ንብረት የግራ ጎኑ የሚንጫጫ አንድ ድምፅ ማጉያና ሁለት ባዶ ገጽ የቀረው ደብተር ነው። ነጠላዋ ለባለቤቷ ተመልሳለች።