ለመተማዋ እህታችን፣ ለሁላችሁም ምስጋና

አባታችን መተማ ዮሐንስ ላይ ምን እንደገጠማቸው ባሕር ዳር ያላችሁ ሁሉ ሰምታችኋል፤ ደግሜ አላወራውም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ ቤታቸው ናቸው። ሻይ ያለ ስኳር ሲሰጣቸው መቆጣት ጀምረዋል፣ ድነዋል ማለት ነው።

ለሠርግ ጎንደር ሄደን ሳለ ከአዘዞ ታጥፈን ወደ ቆላው እንውረድ ያሉት ራሳቸው ናቸው። የታሪክ መምህር ነበሩ። በ1880 ዓ.ም. የሱዳኑ የማህዲ ጦር፣ ድርቡሽ፣ ደንቢያ ሳር ውሃ ላይ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል አድርጎ ጎንደርን ማቃጠሉን፣ በዓመቱ መጋቢት 1 ቀን አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ በጥይት መመታታቸውን ስንቱን ተማሪ አስተምረዋል። ቦታውን ግን አይተውት አያውቁም። «ሳላየው አልሞትም» ይሉ ነበር። እዚያው ሊሆን ምን ቀረው... ተዉት እሱን።

እህታለም፣ አንቺን ምን ብዬ ላመስግንሽ? ስኳራቸው ወርዶ ሲዝለፈለፉ እኛ ልጆቻቸው እንጯጯሃለን፤ አንቺ ግን ጀበናሽን ከከሰሉ ላይ አውርደሽ ከተፍ አልሽ። ሻይ ልናጠጣቸው ስንል «ተዉ፣ ትን ይላቸዋል!» ብለሽ ከለከልሽን። ስኳር በጣትሽ እያነሳሽ ድዳቸውን ቀባሽ። ነጠላሽን ከጀሪካኑ ውሃ ነክረሽ ግንባራቸው ላይ አደረግሽ። እናትሽ የስኳር ሕመምተኛ እንደነበሩ የነገርሽን ኋላ ነው። እንግዶችሽ ቡና እየጠበቁሽ፣ አንቺ አቧራው ላይ ተንበርክከሽ።

ዓይናቸውን ሲገልጡ መጀመሪያ የጠየቁት «ገላባት በየት በኩል ነው?» ብለው ነው። እየሳቅሽ እያለቀስሽ ወደ ሱዳን ወደሚያሻግረው ድልድይ ጠቆምሽ። «ያውና አባባ፣ ማዶ ነው።» ብር ስንዘረጋልሽ ደግሞ ተቆጣሽ።

የጤና ጣቢያው ባለሙያዎች፣ ሌሊቱን ሙሉ የነዳው ሾፌር፣ የቀበሌ 14 ጎረቤቶቻችን፣ እድርተኞች፣ የጊዮርጊስ ማኅበርተኞች፣ የድሮ ተማሪዎቻቸው፣ ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልን። ስማችሁን ያልጠራሁ አትቀየሙኝ፤ ያን ሰሞን ስም የሚይዝ ልብ አልነበረኝም።

እህታለም፣ ሰሊጥ ሊጭን በሚወርድ አይሱዙ አንድ ኩንታል የአዴት ጤፍ ልከንልሻል። ሾፌሩ መልሶ እንዳይጭን ተነግሮታል።