ሬዲዮህን አስጠግኜዋለሁ

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኔም ልጆቹም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የአዳማ ሙቀት እንደምታውቀው ነው። ይሄን ነገር በስልክ ልነግርህ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ስለ ሽንኩርት ዋጋ አውርተን ዘጋን። እና ጻፍኩት።

የዚያ ሌሊት ነገር ነው። «አባዬ፣ ልጆቹ ፈተና አለባቸው፣ ዝጋው!» ያልኩህ። ያውም በቁጣ። «እሺ ልጄ» ብለህ ዘጋኸው። በሦስተኛው ቀን ሐዋሳ እህቴ ጋ ሄድክ። ሬዲዮው እዚህ ቀረ። «ረስቶት ነው» አልኩ ለራሴ። አንተ ሬዲዮ የምትረሳ ሰው ነህ እንዴ?

ትንሹ ልጅህ አሜሪካ ተሳቢውን ይዞ የሚነዳው ሌሊት ነው። የሱ ሌሊት የኔ ጠዋት ስለሆነ፣ ትምህርት ቤት በሻይ እረፍቴ ይደውልልኛል። ባለፈው ከጀርባው የሰው ድምፅ ሰማሁ። «ጋቢና ውስጥ ማን አለ?» ስለው ሳቀብኝ። ለካ ሬዲዮ ነው። እዚያ አገር ለከባድ መኪና ሹፌሮች ተብሎ ሌሊቱን ሙሉ የሚወራበት ፕሮግራም አለ። የቆየ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ቢል ማክ የሚባል ሰው ቴክሳስ፣ ፎርት ዎርዝ፣ ደብሊው ቢ ኤ ፒ በሚባል ጣቢያ ጀመረ። ሙዚቃ ያሰማል፣ የአየሩንና የመንገዱን ሁኔታ ይናገራል፣ ሹፌሮቹ ሲደውሉ ያወራቸዋል። ጣቢያው 50,000 ዋት ነው። ሌሊት ብዙ ግዛት አቋርጦ ይሰማል። በ1984 ደግሞ ዴል ሶመርስ የሚባል ሌላ ሰው ሲንሲናቲ ላይ እንዲሁ አደረገ። አሁን በሳተላይትም አለ፤ አገሩን ከዳር እስከ ዳር ሲነዱ አይቆረጥም። ቢል ማክ በ2020 በኮቪድ ሞተ። ይሄን ሁሉ ለልጅህ የነገሩት በየነዳጅ ማደያው የሚያገኛቸው ሽማግሌ ሹፌሮች ናቸው።

ከዚያ ምን ብሎ ጠየቀኝ መሰለህ? «አባዬ አሁንም ሌሊት ሬዲዮ ይሰማል?»

«አዎ» አልኩት። ዋሸሁት።

አባዬ፣ አንተ የምትደውልበት ጣቢያ አልነበረህም። በአሰብ መስመር ዘመን የጭነት ፊያቷን ይዘህ ገዋኔን ስታልፍ፣ ረዳትህ ተኝቶ፣ የሚይዝልህ ከቀይ ባሕር ማዶ ያለ የዐረብ ጣቢያ ነበር። ዐረብኛ ደግሞ አትችልም። ግን ትሰማለህ። እንዲያውም በአማርኛ ትመልስላቸዋለህ። ረዳትህ አንድ ሌሊት ነቅቶ «ጋሼ፣ ከማን ጋር ነው?» ብሎ በድንጋጤ በሩን ሊከፍት የነበረውን ስንቴ ነግረኸናል! እኛ እንስቅ ነበር። አንተም ትስቅ ነበር። ጫት የማይቅም ሹፌር በምን እንደሚነቃ ግን አንዳችንም አልጠየቅንህም። በእኛ አቆጣጠር በ1990 መስመሩ ወደ ጅቡቲ ሲዞርም ሬዲዮዋ አብራህ በጋላፊ ዞረች።

«ማታ ማታ ሬዲዮ እግር ያወጣል» ትል ነበር። የሚገርመው እኔ ይሄንኑ ነው በየዓመቱ የማስተምረው። ቀን ቀን በፀሐይ ጉልበት የሚፈጠር የአየር ንብርብር አለ፤ የመካከለኛ ሞገዱን ይውጠዋል። ሲመሽ እሱ ይጠፋና ሞገዱ ከላይኛው ንብርብር ነጥሮ ሩቅ አገር ይወርዳል። ኤፍ ኤም እንዲህ አይሆንለትም። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ዓመት ሳልኩት። አንድም ቀን ገዋኔ ላይ ብቻህን ተቀምጠህ አልታየኸኝም።

ሬዲዮህን ገበያ አጠገብ ያለው ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። የጣቢያ መፈለጊያው ክር ተበጥሶ ነበር፣ ቀየረው። «ይሄን ማን ይሰማዋል ዛሬ?» ሲለኝ ተናደድኩበት። አልጋህን ወደ ጓሮ በኩል ወዳለችው ክፍል አዙሬዋለሁ። ከልጆቹ ትርቃለች፣ በመስኮቷ ደግሞ የመኪናዎቹ ድምፅ ይገባል። ትናንት ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ራሴ ከፈትኩት። ዐረብኛ ያዘልኝ። አንዲት ሴት እየሳቀች ታወራለች። ምን እንደምትል አላውቅም፤ ግን አልዘጋሁትም።

አራት ትልልቅ ባትሪ ድንጋይ ነው የሚፈልገው፣ ገዝቻለሁ። ከሐዋሳ የምትነሳ ቀን ሻሸመኔ ስትደርስ ደውልልኝ፣ መናኸሪያ እመጣለሁ። ይቅርታ አባዬ።

ልጅህ፣
ከአዳማ