የዛገ ቆርቆሮና የሸዋ ፍልፈል

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ወር በደብዳቤዎች ገጽ ላይ ከአትላንታ የጻፉ አንድ አንባቢ፣ ልጆቻቸውን ይዘው ፍሎሪዳ ወደሚገኘው ዲዝኒ አኒማል ኪንግደም ወደተባለው የእንስሳትና የመዝናኛ ፓርክ ሄደው «ሐራምቤ» የተባለውን የአፍሪካ መንደር አይተው ተናደው መመለሳቸውን ነግረውናል። «የውሸት አፍሪካ» ብለውታል። ተሳስተዋል ልላቸው አይደለም የምጽፈው። ይህንኑ ደብዳቤ እኔም እ.ኤ.አ. በ2009 በልቤ ጽፌዋለሁ፤ የእኔው እንዲያውም ይመር ነበር፤ ፖስታ ቤት አላደረስኩትም እንጂ።

ደብረ ብርሃን ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ባዮሎጂ ያስተማርኩ ጡረተኛ ነኝ። ጡረታ በወጣሁበት ዓመት ኦርላንዶ የምትኖረው ልጄ አስመጣችኝና፣ ከባሏ ጋር ሆና «እማዬ፣ አገርሽን የሚያስታውስሽ ቦታ እንወስድሻለን» አለችኝ። ወሰዱኝ። ያየሁት ምንድን ነው? ልስኑ የተገመሰ ግድግዳ፣ ቀለሙ የለቀቀ በር፣ የዛገ ቆርቆሮ። ጠጋ ብዬ ሳየው ዝገቱ ዝገት አይደለም፤ በብሩሽ የተቀባ ነው። ስንጥቁም ተሠርቶ የተሰነጠቀ ነው። ደብረ ብርሃን ጎረቤቴ የነበሩት ሴት የዛገ ቆርቆሯቸውን ለመለወጥ ሦስት ዓመት ዕቁብ ጥለዋል። እዚህ ደግሞ ሰው ተቀጥሮ፣ ደመወዝ እየተከፈለው፣ አዲሱን ቆርቆሮ ያዝጋል!

መንደሩ ኬንያ የባሕር ዳርቻ ላይ ያለችውን ላሙን አይተው የሠሩት ነው። ግድግዳ ላይ «ኡሁሩ 1961» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ኡሁሩ በስዋሂሊ ነፃነት ማለት ነው። የሌለ ከተማ ነፃ የወጣበት ዓመት መሆኑ ነው። የካቲት 23 ሲመጣ ተማሪ አሰልፋ አድዋን ስታስዘምር ለኖረች ሴት ይህን አሳይቶ «አገርሽ ነው» ማለት ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ይፍረደኝ። ሌሎቹ ሳፋሪ ብለው አውሬ ለማየት በትልቁ መኪና ሲሳፈሩ እኔ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ ቦርሳ ጠበቅኩ። ጉማሬ ለማየት አሜሪካ ድረስ አልመጣሁም አልኳቸው። ልጄ አኩርፋ ዋለች።

ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት እግሬን አላነሳሁም። በ2016 ያስመለሰኝም ፍቅር አይደለም፤ የልጅ ልጄ ሰባተኛ ዓመቷን ደፍና ነበርና ልደቷ እዚያ ካልሆነ ብላ ስላለቀሰች ነው። ወሩ ሐምሌ ነበር። የፍሎሪዳን ሐምሌ የማያውቅ ሰው፣ የአዋሽን ሙቀት ወስዶ በእንፋሎት ያጥበው። ሳፋሪው ከሚያልቅበት አጠገብ ጎሪላዎቹ ወዳሉበት የሚወስድ የእግር መንገድ አለ፤ ጎሪላ ፎልስ ይሉታል፤ ቀድሞ ፓንጋኒ ይባል ነበር። በመንገዱ ላይ አንዲት የምርምር ጣቢያ የምትመስል ቤት አለች። የገባሁት ቀዝቃዛ አየር ስላላት ብቻ ነው፤ ይህን አልደብቅም።

ውስጥ ግድግዳው ላይ መስታወት አለ። ከመስታወቱ ጀርባ ጠባብ ዋሻዎች፣ በዋሻዎቹ ውስጥ ደግሞ ሥጋ መልክ ያላቸው፣ ቆዳቸው የተጨማደደ፣ ጥርሳቸው የገጠጠ ትናንሽ ፍጥረታት ወዲያና ወዲህ ይሯሯጣሉ። አንዱ ሌላውን ረግጦ ያልፋል፤ አንዱ ወደ ኋላው ይሮጣል። የልጅ ልጄ «አያቴ፣ ሲያስጠሉ!» አለች። እኔ ግን ጥርሱን አየሁና «ፍልፈል ነው» አልኩ፤ «ፀጉር የሌለው ፍልፈል»።

አጠገባችን የቆመው ወጣት የፓርኩ ሠራተኛ ነው። በዚያ ፓርክ ሠራተኛው የመጣበት አገር ደረቱ ላይ ይጻፋል፤ የእሱ ቦትስዋና ይላል። ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ። ኢትዮጵያ ስለው ሳቀና ወደ መስታወቱ እያመለከተ «እንግዲያውስ የአገርሽ ልጆች ናቸው» አለኝ። የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። የሚገኙት ኢትዮጵያ፣ ሶማሊያ፣ ጂቡቲና ኬንያ ውስጥ ብቻ መሆኑን ሲነግረኝ ግን ዝም አልኩ። ሃያ ስድስት ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬ!

ማታ ልጄን ኮምፒውተር ላይ አስቀምጪኝ አልኳት። ጭላዳን፣ ዋልያንና ቀይ ቀበሮን ለሳይንስ ያስተዋወቀውን ጀርመናዊ ኤድዋርድ ሩፔልን ከድሮም አውቀዋለሁ፤ ለተማሪዎቼ ስሙን ሰሌዳ ላይ እጽፍላቸው ነበር። ይህን ፍልፈልም በ1842 መጀመሪያ የገለጸው እሱው ራሱ ሆኖ አገኘሁት። ናሙናው የተገኘበት ተብሎ የተመዘገበው ቦታ ደግሞ ሸዋ ነው። ሸዋ! ያስተማርኩበት፣ ልጆቼን የወለድኩበት አገር። እኔ ስለዚህ ፍልፈል ለመስማት ውቅያኖስ ተሻግሬ፣ የተቀባ ዝገት ባለበት መንደር በኩል አልፌ፣ ከቦትስዋና ልጅ አፍ መጠበቅ ነበረብኝ።

እንስሳው ደግሞ ቀላል እንስሳ አይደለም። ክብደቱ ከዶሮ እንቁላል ያንሳል፤ የቤት አይጥ ሦስት ዓመት ከኖረች ዕድሜ የጠገበች ስትሆን እሱ ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ይኖራል። ከንፈሩ የሚገጥመው ከጥርሱ በስተኋላ ነው፤ በጥርሱ ሲቆፍር አፈር አፉ እንዳይገባ። በ2017 የታተመ ጥናት ያለ ኦክስጅን አሥራ ስምንት ደቂቃ መቆየት እንደሚችል አሳይቷል። ከሁሉ ያስደነቀኝ ኑሮው ነው። በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ብዙ አሥሮች ሆነው ሲኖሩ የምትወልደው አንዲት ንግሥት ብቻ ናት፤ የቀሩት ይቆፍራሉ፣ ምግብ ያመጣሉ፣ ግልገል ያሳድጋሉ፣ ጎጆ ይጠብቃሉ። ልክ እንደ ንብ። (የንቧን ንግሥት እንኳ «አውራ» እያልን በወንድ ስንጠራት የኖርን ሰዎች ነን፤ ይህንንም በየዓመቱ ክፍል ውስጥ ሳርም ኖሬያለሁ።) የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲዋ ተመራማሪ ጄኒፈር ጃርቪስ ይህን ያሳተመችው በ1981 ነው፤ እኔ ጠመኔ ከመያዜ ሁለት ዓመት በፊት። እኔ ግን «እንዲህ ያለ ኑሮ በነፍሳት ዘንድ እንጂ በአጥቢዎች ዘንድ የለም» ብዬ አስተምሬያለሁ። ከተማሪዎቼ መካከል ይህን የሚያነብ ካለ ደብተሩን ያርም።

ከዚያ ወዲህ ልጄ ዘንድ በሄድኩ ቁጥር ወደ ሐራምቤ ካልወሰዳችሁኝ የምለው እኔ ነኝ። ቡናዬን በፔርሙዝ ይዤ፣ ባርኔጣ አድርጌ፣ በማለዳ። ቦርሳ ጠባቂ ሌላ ይፈለግ፤ እኔ መኪናው ላይ ነኝ። የሳፋሪው መሬት 110 ኤከር ነው፤ በእኛ አንድ ጋሻ ከነምራቂው መሆኑ ነው። ጭቃ የሚመስለው መንገድ ኮንክሪት ነው፤ ሳይደርቅ የመኪና ጎማ ነድተውበት፣ ጠጠርና ጭራሮ በትነውበት ያበጁት። ይህንን በ2009 ሰምቼ ቢሆን ኖሮ ሌላ የንዴት ገጽ እጨምር ነበር። አሁን ግን ወደ ጎን ጎንበስ ብዬ የጎማውን ዱካ አየዋለሁ፤ ያን ያህል የተጠበበውን ሰው እጁን መሳም ያምረኛል። ድልድዩ ሥር የናይል አዞ ሲተኛ ሾፌሩ ስሙን በእንግሊዝኛ ይጠራል፤ እኔ ከኋላ ወንበር «የጫሞ አዞ!» እላለሁ። የልጅ ልጄ ታፍራለች። ቆየት ብላ ግን ለጓደኛዋ «ጫሞ ማለት ሐይቅ ነው» ስትል ሰምቻታለሁ።

ዝገቱን ዛሬም አልወደውም። «ኡሁሩ 1961» የሚለውን ግን ወድጄዋለሁ፤ እሱን እያሳየሁ ስለ ናይሮቢ፣ ስለ ዳሬሰላም፣ ስለ አድዋም ለልጅቷ አወራለሁ፤ ሰልፉ ረጅም ስለሆነ ጊዜ ሞልቷል።

የአትላንታው አንባቢ ተመልሰው የሚሄዱ ከሆነ፣ ከሳፋሪው እንደወረዱ ወደ ጎሪላዎቹ መንገድ ይታጠፉና መስታወቱ ፊት አሥር ደቂቃ ይቁሙልኝ።

አንድ ነገር ግን ከአንባቢዎቻችሁ እለምናለሁ። የልጅ ልጄ «ስሙ በአማርኛ ማን ነው?» ስትለኝ «ፀጉር አልባ ፍልፈል» አልኳት፤ እሷም «እሱማ ትርጉም ነው፤ ስሙን ነው የጠየቅኩሽ» አለችኝ። በሐረር ቆላ፣ በኦጋዴን ወይም በቦረና ያደገ፣ ይህን እንስሳ በልጅነቱ መሬት ሲቆፍር ያየ፣ አያቶቹ በምን ስም ይጠሩት እንደነበረ የሚያስታውስ ሰው ካለ በዚሁ ገጽ ይጻፍልኝ። ጥር ላይ እንሄዳለን፤ ልጅቷም ትጠይቀኛለች።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የቀድሞ የደብረ ብርሃን መምህርት