የጉማራን ነጭ ዓሣ መንገድ ለመጠበቅ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ጉማራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ ተነሥቶ፣ የፎገራን ሜዳ አቋርጦ፣ በምሥራቅ በኩል ጣና ውስጥ የሚገባ ወንዝ ነው። ከደጋ የጠረገውን አፈር ሐይቁ ዳር ሲደርስ ያራግፈዋል፤ አፉም ደለል እየጨመረ ወደ ሐይቁ ገፍቷል። ክረምቱ አልፎ ሜዳው ሲጠነፍፍ ከሰሜን የሚሰደዱ ክሬኖች በሺህ እየሆኑ አካባቢው ላይ ይሰፍራሉ። ወፎቹን አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያያቸዋል። ዓሣውን የሚያየው ግን መረብ የጣለ ብቻ ነው፤ ይህ ጥሪም ስለ ዓሣው ነው።

በጣና ከ15 የማያንሱ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ መኖሪያ የላቸውም። እንዲህ በአንድ ሐይቅ ተዛምደው የኖሩ ዝርያዎች በፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅም ነበሩ፤ እነዚያ ከሞላ ጎደል ጠፍተዋል። የእኛዎቹ ኑሯቸው ሐይቁ ውስጥ ቢሆንም በርካታዎቹ እንቁላላቸውን የሚጥሉት ጠጠር ባለበት ንጹሕ ወራጅ ውሃ ነው። ስለዚህ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ወንዙ አፍ ላይ ተሰብስበው ወደ ላይ፣ ወደ ገባሮቹ ይወጣሉ።

ጉዳቱም የሚደርሰው እዚያው ነው። አፉ ላይ የተዘረጋ መረብ የሚይዘው እንቁላል የተሸከመችውን እናት ነው። ከፍ ብሎ ደግሞ ዓሣ የሚመርዘውን የብርብራ ዛፍ ፍሬ ወቅጦ ውሃው ላይ የሚበትን አለ፤ መርዙ ትልቁንም ትንሹንም አይለይም። ጠጠሩና አሸዋው ለግንባታ ሲጫን መራቢያው አብሮ ይጫናል። ዩኔስኮ ጣናን በ2007 ዓ.ም. በባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት መዝግቦታል፤ መልካም ነው፤ ነገር ግን መዝገብ ሌሊት ወንዝ ዳር ቆሞ አይጠብቅም።

እኛ ያሰብነው ሰው ማቆም ነው። በመራቢያው ወራት መረባቸውን ከወንዙ አፍ ለማንሣት የተስማሙ ዓሣ አጥማጆች ራሳቸው ጠባቂ ይሆናሉ፤ ዓሣው በየት እንደሚያልፍ ከእነርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት ከዚያው መረብ ስለሆነ ግን ያለ ምንም ካሣ «ተዉ» ማለት ግፍ ይሆናል። ከምትሰጡት ገንዘብ ትልቁ ድርሻ ለእነርሱ አበል ይውላል። የቀረው ለእጅ ባትሪ፣ ለዝናብ ልብስና ለቦት ጫማ፣ እንዲሁም በተሸረሸረው የወንዙ ዳር ለሚተከል የዋንዛና የሾላ ችግኝ ነው። ለጽሕፈት ቤት፣ ለስብሰባ ወይም ለድግስ የሚወጣ ብር አይኖርም።

ገንዘብ የሌላችሁ ጉልበት አላችሁ፤ ችግኝ ያፈላችሁም አትናቁት፣ አምጡት። ከአገር ውጭ ያላችሁ የአካባቢው ተወላጆች እዚህ በሚኖር ዘመዳችሁ በኩል መላክ ትችላላችሁ። ማንም ይስጥ ማን ደረሰኝ ሳይቀበል እንዳይሄድ፤ ሂሳቡም ጥበቃው እንዳበቃ ለሁሉም በግልጽ ይነበባል።

የጠባቂዎቹ ተራ የሚደለደለው ከነሐሴ በፊት ስለሆነ የአበሉ ድጋፍ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ቢደርሰን እንመርጣለን። ከዚያ ወዲህ የሚመጣው ለችግኙና ለሚቀጥለው ዓመት ጥበቃ ይቀመጣል።