ሐመሩ ሐ እና የአባቴ ባሕር መዝገብ

ወንድሜ፣ እንደምን ከርመሃል?

ሁለት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ብቅ ስል «በሕይወት አለህ እንዴ?» እንደምትል አውቃለሁ። አለሁ። ስልኬ ጠፍቶ ቁጥርህን አጣሁ ብዬ ልዋሽህ ነበር፤ ተውኩት። ዝም ብዬ ነው የጠፋሁት። ሲቆይ ደግሞ አፈርኩ።

አሁንም ደብረ ማርቆስ ነኝ። ቀን ለሰው ዌብሳይት እሠራለሁ፣ እንጀራዬ እሱ ነው። ማታ ማታ የራሴን እነካካለሁ። አሁን የያዝኩትን ስነግርህ እንዳትስቅ፤ የአባባ እድር መዝገብ ነው። ጸሐፊነቱን ከያዘ ስንት ዘመኑ፣ ዓይኑም ደከመ። ባሕር መዝገቡን ስልክ ላይ ላድርግልህ አልኩትና ሦስት ወር በላኝ።

የመጀመሪያው ቀን የእድሩ ዳኛ ስልኩን ተቀበሉና «ኃይሉ» ብለው ጻፉ። «አልተገኘም» አለ። ሰውዬው የወሩን ብር ይዞ አጠገባቸው ቆሟል። «ከእድር አስወጣችሁኝ ማለት ነው?» ብሎ ፊቱ ተለዋወጠ። ለካ መዝገቡ ላይ የገባው «ሀይሉ» ተብሎ ነው። ያስገባው ማን ይመስልሃል? እኔው ነኝ።

ያኔ ትዝ አልከኝ። ዶርም ውስጥ ደብተሬን እያነሳህ «ሐመሩን ሐ ከብዙኃኑ ኀ የማይለይ ተማሪ» እያልክ ስትስቅብኝ። ኮምፒውተር እንዳንተ ነው፣ ይለያል። ለየፊደሉ ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ ሀ 4608፣ ሐ 4624፣ ኀ 4736 ነው። ለእሱ ሦስቱ አይተዋወቁም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ የኔን መሃይምነት አስተማርኩት። ሰው ስም ሲፈልግ፣ የጻፈውንም መዝገቡ ላይ ያለውንም አንድ ዓይነት አድርጎ ያወዳድራል። ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፣ ከነዘራቸው። ሃ እና ሀም አንድ ሆኑ። የሚታየውን ስም ግን አልነካሁም፤ ባለቤቱ እንደጻፈው ይቀመጣል። እዚህ ላይ አንተም አትጣላኝም።

ቀጥሎ መርዶው በኤስኤምኤስ ይሂድ ተባለ። በእንግሊዝኛ ፊደል 160 የሚይዘው አንድ መልእክት በእኛ ፊደል የሚይዘው 70 ብቻ ነው። የሟች ስም ከነአባቱ፣ ደብሩ፣ የቀብሩ ሰዓት፣ በቃ ሞላ። ሁለት መልእክት፣ ሁለት ሂሳብ። ዳኛው «ጥሩምባው በነጻ ነው» አሉ። ምን ልበላቸው? ተውነው።

ዩቲዩብ እያዩ ኮድ መማሩን ቀንሻለሁ። እያየሁት ሁሉም ነገር ይገባኛል፤ ዘግቼ ስቀመጥ ባዶ ነኝ። ያንተን የዋሸራ ቅኔ ቤት ነገር ነው የወሰድኩት። ቅኔ ቆጥረህ ለመምህሩ ትነግራለህ፣ ያርሙሃል፣ በነጋታው የትናንቱን መድገም ነውር ነው ብለኸኝ አልነበር? እኔም ጠዋት ከሥራ በፊት ለአንድ ሰዓት ሁሉንም ዘግቼ አንዲት ትንሽ ነገር ከባዶ እጽፋለሁ። ጉባኤ ቃና በላት፣ እንደዚያች ሁለት ቤት ብቻ እንዳላት ቅኔ። ከዚያ የዌብ ኮድ ማብራሪያ ያለበትን ኤምዲኤንን ከፍቼ ራሴን አርማለሁ፤ መምህር ስለሌለኝ። አንዳንድ ጠዋት ኮፒ አድርጌ እነሳለሁ፣ እሱንም አልደብቅህም።

ዕቃዬ ያው የምታውቀው ነው። አሮጌው ላፕቶፕ፣ ኮድ የምጽፍበት ቪኤስ ኮድ፣ የኮዱን ለውጥ ሁሉ የሚመዘግብልኝ ጊት። ኔት ሲጠፋ ጊትን እመርቀዋለሁ። ታሪኩ ሁሉ እዚሁ ማሽኔ ላይ ስላለ ለውጡን ኮሚት እያደረግሁ፣ ማለትም እዚሁ እየመዘገብኩ፣ እቆይና ኔት ሲመለስ ፑሽ ነው፣ ወደ ሰርቨር እልከዋለሁ።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። የፊደሉን ሠንጠረዥ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ኸ ላይ ቆሜያለሁ። ከሀ ጋር ላድርጋት ወይስ ከከ ጋር? እድሩ ውስጥ አባት ስሙን በኸ ይጽፋል፣ ልጁ ደግሞ ያንኑ የአባቱን ስም በከ። እስክትመልስልኝ ድረስ ሁለቱንም በእጄ እየፈለግሁ ነው።

አባባ «ያ የቅኔው ልጅ ደህና ነው?» ይልሃል።