«በረዶው ይቀልጣል» አትበለኝ

ልጄ፣ እንዴት ከረምክ? እኔ ደህና ነኝ፣ ጉልበቴ ብቻ በዚህ ብርድ ያስቸግረኛል። ስልክ ላይ ስለምታቋርጠኝ ነው የምጽፍልህ። እስከ መጨረሻው አንብበው።

ባለፈው የማርያም ማኅበር ላይ አንዷ ልጅ ስልኳን አምጥታ «ይሄ የእርስዎ ልጅ አይደል?» አለችኝ። ሴቱ ሁሉ ስኒውን እንደያዘ ዞሮ አየ። ያንን ቢጫ ጃኬት የገዛሁት እኔ አይደለሁ? አንተው ነህ። ስኖውሞቢሉን፣ ያንን በበረዶ ላይ የሚሄድ ሞተር፣ እያስጮህክ ከዛፎቹ በላይ ወደ አፋፉ ትወጣለህ፣ ከኋላህ የማሽኑ ዱካ በረዶውን ለሁለት ሰንጥቆታል። ጓደኛህ ደግሞ ከሥሩ «ዚርከል፣ ማንም የለም!» ብሎ ጽፎበታል። ማንም የለም? ይኸው አውሮራ ከተማ ቁጭ ብላ እናትህ አየችው።

ማውንት ዚርከል ዊልደርነስ፣ እንዳለ እንዲቆይ በሕግ የተከለለ ዱር፣ መሆኑን አንተ ከእኔ በላይ ታውቃለህ። እዚሁ ኮሎራዶ ስቲምቦት ከተማ የገባህ ሰሞን ካርታውን ያሳየኸኝ ራስህ ነህ። ፕሬዝዳንት ጆንሰን እንደ ፈረንጆቹ በ1964 የዊልደርነሱን ሕግ ሲፈርሙ ገና ከመጀመሪያው ከተከለሉት አንዱ ነው። ሞተር አይገባም፣ ብስክሌት እንኳ አይገባም። መንገድ ላይ ዛፍ ሲወድቅ የደን ሠራተኞቹ ራሳቸው የሞተር መጋዙን ትተው ለሁለት በሚጎትቱት የእጅ መጋዝ ነው የሚቆርጡት። እነሱ ለሥራቸው የማያስገቡትን ሞተር አንተ ለቅዳሜ ጨዋታ ታስገባለህ።

ከወሰኑ አትለፍ።

ስደውልልህ ምን አልከኝ? «እማዬ፣ በረዶው ይቀልጣል፣ ምን ተጎዳ?» ይህን ስትለኝ ማን ትዝ እንዳለኝ ታውቃለህ? የእናቴ ወንድም። አያትህ ሰሜን ተራሮች ፓርክ ስካውት፣ የፓርክ ጠባቂ፣ እንደነበሩ ነግሬሃለሁ። አንድ ክረምት አጎቴ ከብቶቹን ዋልያው ከሚውልበት ጓሳ ውስጥ አስገብቶ ሲያግድ አገኙት። የሚስታቸው ወንድም ነው ብለው አላለፉትም፣ ከብቶቹን ነድተው ወደ ካምፕ ወሰዷቸው። አጎቴ በዝናብ ርሶ ደጃችን ላይ ቆመና «ሣሩ ነገ መልሶ ይበቅላል! ምን አጎደልኩበት?» እያለ ጮኸ። እናቴ አንዴ ባሏን አንዴ ወንድሟን ስታይ ምጣዱ ላይ የነበረው እንጀራ አረረ፣ ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት አልተነጋገሩም። የታረቁትም ሽማግሌ ገብቶ፣ ልቅሶ ላይ ነው።

እውነቱን ልንገርህ፣ እኔ ያኔ ለአጎቴ ነበር የማደላው፣ ዛሬም ግማሽ ልቤ ከእሱ ጋር ነው። ከብቶቹ መብላት ነበረባቸው፣ ፓርኩ ሳይመጣ አያቶቹ እዚያው ያግዱ ነበር። እንደ ፈረንጆቹ በ2016 ፓርኩ ውስጥ የነበሩት የጊጭ ሰዎች ከቀያቸው ተነሥተው ደባርቅ ሲሰፍሩ ስንት ቀን እንዳለቀስኩ አይተሃል። አጎቴ ግን ቸግሮት ነው። አንተን ምን ቸገረህ? ራቢት ኢርስ ፓስ በሚባለው የተራራ መተላለፊያ ላይ ምዕራቡን ለስኪ ምሥራቁን ለማሽን ብለው ከፍለውላችሁ የለ? ስንት ዓመት የተጨቃጨቁበት ነገር ነው። ቦታ ጠፍቶ አይደለም፣ ማንም ያልነካው በረዶ አምሮህ ነው። አውሬው ደግሞ ብርዱን የሚያልፈው በበጋ ባጠራቀመው ስብ ነው። ሞተር እያስደነገጠ ጥልቅ በረዶ ውስጥ ባስሮጠው ቁጥር ያ ስብ ያልቃል፣ የሚተካበት ሣር የለውም። በረዶው ሲቀልጥ ያ አይመለስም፣ የኔ ጌታ።

«ምልክቱ በበረዶ ተሸፍኖ ነበር» እንዳትለኝም። ኢንዲያናፖሊስ 500 የሚባለውን የመኪና ውድድር ሦስት ጊዜ ያሸነፈውን የሟቹን ቦቢ አንሰርን ታሪክ ጠይቅ፣ አለቃህ ያውቀዋል። እንደ ፈረንጆቹ በታኅሣሥ 1996 ከጓደኛው ጋር ኮሎራዶና ኒው ሜክሲኮ ድንበር ላይ በስኖውሞቢል ሲሄዱ ውሽንፍር አሳሳታቸው፣ ማሽኑ ተበላሸ፣ በረዶ ቆፍረው ገብተው አደሩ፣ በእግራቸው ተጉዘው ለትንሽ ነው ከሞት የተረፉት። በኋላ ማሽኑን ፈልጉልኝ ብሎ ራሱ ደን አገልግሎቱ ዘንድ ሄደ። እዚያው ከሰሱት። ማሽኑ ሳውዝ ሳን ሁዋን ዊልደርነስ ውስጥ ነበራ! ጠፍቼ ነው፣ አላወቅኩም ቢል ፍርድ ቤቱ አልሰማውም፣ ይግባኝም አላዋጣው። 75 ዶላር ተቀጣ። አትሳቅ፣ የሕጉ ጣሪያ 5 ሺህ ዶላርና 6 ወር እስር ነው፣ እሱ ደግሞ ዜጋ ነበር። አንተ ግሪን ካርድ ነው የያዝከው። የዜግነት ፎርሙ ላይ «ታስረህ፣ ተከሰህ ወይም ተቀጥተህ ታውቃለህ?» የሚለውን ጥያቄ አብረን አንብበነዋል። ለአንድ ቅዳሜ ብለህ እዚያ ላይ «አዎ» ልትጽፍ ነው?

ከወሰኑ አትለፍ ብያለሁ። ጓደኛህ ቢያልፍ አንተ ቁም። ፈሪ ቢልህ ፈሪ ይበልህ።

አሁን የማዝዝህን አድርግ። የደን አገልግሎቱን የስኖውሞቢል ካርታ ስልክህ ላይ ጫን፣ ኔትወርክ ሳይኖር እንዲከፈት አድርገህ። የናዳ ቢከንህን፣ በረዶ ቢቀብርህ ያለህበትን የሚጠቁመውን መሣሪያ፣ ከቤት ሳትወጣ አብራው፣ ባትሪውን እይ፣ አካፋና መፈለጊያ ዘንግ ሳትይዝ አትውጣ። ናዳ ከቀበረህ የሚያወጣህ አጠገብህ ያለው ሰው ነው። 15 ደቂቃ ካለፈ የመትረፍ ዕድሉ በጣም ይወርዳል፣ ሄሊኮፕተር አይደርስልህም። ብቻህን ከሆንክ አትሂድ። ስለ ቪዲዮው ከደን አገልግሎት ከደወሉልህ አትዋሽ፣ ግን ጠበቃ ሳታናግር አንዲት ቃል አትናገር። ለእኔም ወዲያው ደውልልኝ፣ ሌሊትም ቢሆን።

ተናድጃለሁ፣ ግን ናፍቀኸኛል። ያ ጃኬት ደግሞ ሲያምርብህ! የማኅበሩ ሴቶች ሁሉ «እንዴት አድጓል» ነው ያሉት፣ ነገሩ ገብቷቸው እንኳ አይደለም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እደውላለሁ፣ አንሣ። የመኪናህ ኢንሹራንስ በዚህ ወር ነው የሚያልቀው። ለገና ስትመጣ የበርበሬውን ዕቃ ከነክዳኑ ይዘህ ና።

እናትህ