ቤቱ ሲንኳኳ ልጁ መተማ ነው

ለኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት

ጤና ይስጥልኝ።

ከዓመታት በፊት በአንድ የቤት ለቤት የጤና ጥናት መረጃ ሰብሳቢ ነበርኩ። ቀበሌው ደጋ ነው፣ ወሩ መስከረም። አንዲት እናት ቡና እየቆሉ "ልጄማ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዷል" አሉኝ። መመሪያው እንደሚለው ሦስቴ ተመላለስኩ። ከዚያ "በቤት የለም" የሚለውን ሞልቼ ወደ ቀጣዩ ቤት አለፍኩ። እንዲህ የዘለልኳቸው ወጣቶች ጥቂት አልነበሩም።

ካላዛር ደግሞ በብዛት የሚይዘው እነሱኑ ነው። ቀን ሲያጭዱ ይውላሉ፣ ሌሊት ሜዳ ላይ ወይም ግራር ሥር ይተኛሉ። በሽታውን በንክሻዋ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብም መኖሪያዋ እዚያው ነው፤ የተሰነጣጠቀው ጥቁር አፈርና ግራሩ አካባቢ። በሽታው ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ከወራት በኋላ፣ ልጁ አገሩ ከገባ በኋላ ነው። ትኩሳቱ አልለቅ ይላል፣ ጣፊያ ያብጣል፣ ሰው ይከሳል። ካልታከመ ይገድላል።

በደቡብ ጎንደር የሊቦ ከምከም ወረዳውን ወረርሽኝ መቼም አትረሱትም። ሰው መጀመሪያ ወባ ነው እየተባለ ሲታከም ቆይቶ፣ ካላዛር መሆኑ የታወቀው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከቆላ የተመለሱ ሠራተኞች ሳያመጡት አልቀሩም ይባላል።

ልመናዬ አንድ ነው። ለእነዚህ ልጆች ናሙናው፣ ማለትም የሚጠየቁት ሰዎች ምርጫ፣ ከቤት ሳይሆን ከቦታና ከሰዓት ይውጣ። መናኸሪያው፣ ሠራተኛ የሚቀጠርበት አደባባይ፣ የእርሻ ካምፑ፣ ሻይ ቤቱ ይመዝገብ። ከዚያ ቦታውም ሰዓቱም በዕጣ ይለይ። እዚያ የተገኘው ሁሉ ይቆጠር፣ በየስንተኛው ሰው እንደሚጠየቅም አስቀድሞ ይወሰን። "እዚህ በሳምንት ስንቴ ትመጣለህ?" የምትለዋ ጥያቄ እንዳትረሳ፤ አዘውትሮ የሚመጣው የመመረጥ ዕድሉ ስለሚበዛ ሒሳቡ የሚስተካከለው በእሷ ነው።

ለአንዱ የመጋበዣ ኩፖን ሰጥቶ ጓደኞቹን ወደ ጥናቱ እንዲጋብዝ ማድረግም አለ፤ በወሲብ ንግድ ለሚተዳደሩ ሴቶች ጥናት እናንተው ተጠቅማችሁበታል። እዚህ ግን እፈራዋለሁ። ልጆቹ ተጠራርተው ነው የሚወርዱት። ኩፖኑ ከአገር ልጅ ወደ አገር ልጅ ሲዞር ከአንድ ወረዳ ሳይወጣ ያልቃል።

ደግሞ በሥራ ሰዓት አትሂዱባቸው፤ ለቀን ሠራተኛ አንድ ሰዓት ገንዘብ ነው። ማታ ወይም በበዓል ቀን ሂዱ። መታወቂያም አትጠይቁ። ይልቅ "ባለፈው ወር የት የት አደርክ?" በሉት።

የቦታዎቹ ዝርዝር ለአረም በሚወርዱበት በሐምሌ ቢጀመር፣ ለመስከረሙ አጨዳ ይደርሳል።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ መረጃ ሰብሳቢ